ያልከፈትኩት ቪዲዮ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ስልክ ሲነካካ ከምታዩት ሰው ግማሹ የእኔ ተማሪ ነው። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው፤ ጉራም ቢሆን ላብ የፈሰሰበት ጉራ ነው። ከደጋ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ኢንተርኔት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ስማርት ስልኬን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እያስተካከልኩ ነው የተማርኩት። የተማርኩትን ደግሞ ለብቻዬ መያዝ አልችልበትም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በስልክ መታየት ሲጀምር ቤቴ ቀበሌ መሰለ። ድሮ ልጆቹ ውጤታቸውን ለማወቅ ከየወረዳው በጭነት መኪና ተጭነው ይመጡና ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተጋፍተው ነበር የሚያዩት። አሁን በረንዳዬ ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፣ ቁጥራቸውን ይነግሩኛል፣ እኔ አስገባለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ያችን የምትሽከረከር ክብ እናያለን። የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ዕቃውን በፎቶ መርጦ ማዘዝ የተማረው ከእኔ ነው። አንዲት እናት ጁባ ያለውን ልጇን ከስንት ዓመት በኋላ በቪዲዮ ስታየው ስልኩን ይዤላት የቆምኩትም እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል በገዛ ሠርጌ ላይ አላለቀስኩም። የጽዋ ማኅበራችንን የስልክ ግሩፕ ከፍቼ እናቶቹን አንድ በአንድ ያስገባሁ እኔ ነኝ። «አስተዳዳሪ» የሚለው ቃል ከስሜ አጠገብ ተጽፎ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

አሁን ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ አንዲት ዓሣ ሻጭ ነው። አኝዋክ ናት፤ በዕድሜ ትንሽ፣ በቁመት ደግሞ ብዙ ትበልጠኛለች። ከባሮ ወንዝ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ከፍ ብሎ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው የምትሸጠው። ወንድሞቿ በታንኳ ያወጡትን ጠዋት ትረከብና እርጥብ ማዳበሪያ ላይ ትደረድረዋለች። እንደ ሌሎቹ ደንበኛ አትጠራም፣ አትምልም፣ አታሞጋግስም። አንድ ሰው ቆም ካለ ዓሣውን አንስታ ስንጥቡን፣ ያን የሚተነፍስበትን ክዳን፣ በአውራ ጣቷ ገለጥ ታደርግና ውስጡ ደም መምሰሉን ታሳያለች። ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ሌላ ምን ወሬ ያስፈልጋል?

ጋምቤላ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሲጥለኝ የማውቃት በደንበኝነት ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ስቀርባት ቤቴን ጠያይቃ መጣች። በጣሳ የዓሣ መረቅ ይዛለች።

«እናንተ ደገኞች ትንኝ አታውቁም» አለችኝ። «ጠጪ።»

ጠጣሁ። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። ከአልጋዬ ስነሳ የመጀመሪያ መንገዴ ወደ ማንጎዋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ልጆቿን አስተምሬያለሁ፣ ዓሣዋን በልቻለሁ፣ ሐሜትም ተጋርተናል።

የእሷ ገበያ የሚሞቀው በዐቢይ ጾም ነው። ያኔ የጋምቤላ ፀሐይ ጭንቅላት ትበሳለች፣ ባሮም ይጎድልና ዓሣው በጥልቁ ቦታ ይሰበሰባል። ከደጋ የመጣነው አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የቢሮ ሠራተኞች ደግሞ ሥጋ ስለማንበላ ወደ እሷ እንወርዳለን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህም አለ፤ የማይበሉ አሉ፣ እንደ እኔ የምንበላው ግን እንበዛለን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ይደፈርሳል፣ ዓሣ ከእጅ ይርቃል። ስለዚህ ቤቷን ክረምቱን የሚያሻግሩት እነዚህ የጾም ሳምንታት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ጾም ታዲያ ሙያዬን ላሳያት ብዬ ፎቶ አነሳኋት። ክንዷን የሚያህል አምባዛ ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። «የባሮ ንግሥት፤ ትኩስ ዓሣ ከድልድዩ በታች» ብዬ ለቀቅኩት። ላይኩ ጎረፈ። በሳምንቱ «በስልክ አይተናት ነው» እያሉ የማታውቃቸው ሰዎች መጡ።

«ፊቴ የት ሄዶ ነው የሚያውቁኝ?» አለችኝ።

«በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው ያለሽው።»

«ሁሉም ሰው ያየኛል?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያ ጸጉሬን ልሠራው» ብላ ሳቀች። እኔም ከእሷ እኩል ሳቅኩ። ከሷ ይልቅ የኮራሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው በዘንድሮው ጾም በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከክፍል ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ የማውቀው ሰው አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ከቪዲዮው ሥር በአማርኛ እንዲህ ተጽፏል፦ «አስቸኳይ! ባሮ ወንዝ ተመርዟል! ዓሣ በጅምላ እየሞተ ነው! ለምትወዱት ሁሉ ሼር አድርጉ!» ቪዲዮውን ነካሁት። ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ጠበቅኩ። አሁንም ትሽከረከራለች።

እዚህ ላይ የእኛን አገር አመል መናገር አለብኝ። ጋምቤላ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ለእኔ እምቢ ያለው ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ ላለው ይከፈትለታል። ስለዚህ አንድ ነገር አልከፈት ሲለን ወደ ግሩፕ እንወረውረዋለን፤ የተከፈተለት አይቶ ለሌላው ይነግራል። መዝሙርም፣ የስብሰባ ጥሪም፣ የፈተና ፕሮግራምም በዚህ መንገድ ነው የሚዳረሰን። ይህ ልማድ የመጣው ከደግነት ነው። እኔም በዚያው ደግነት ቪዲዮውን ሳላየው ላክሁት፤ ለማኅበራችን ግሩፕ፣ ለትምህርት ቤታችን አስተማሪዎች ግሩፕ፣ እንዲሁም ትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ከሚያስተምሩ ስደተኛ አስተማሪዎች ጋር አንድ ሥልጠና ላይ ስንገናኝ ለከፈትነው ግሩፕ።

ልኬ ብቻ ብተወው ምን ነበረበት? አልተውኩትም። ከሥሩ የራሴን ጨመርኩበት፦ «በበጋ የወንዝ ውሃ ሲቀንስ እንዲህ ያለ ነገር ሊከሰት ይችላል። በተለይ ጾመኞች ጥንቃቄ አድርጉ።» የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኛ! ሳያውቁ ዝም ማለት ለካ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ትምህርት አልወሰድኩም። የዚያን ቀን ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ቀለል ብሎኝ አመሸሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ባሮ ተመረዘ»፣ «ሰው ታሟል አሉ»፣ «ኢታንግ በኩል ደግሞ ብሷል አሉ»። አንዷ ሴት አጠገቤ ቆማ ለሌላዋ «የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ራሷ አረጋግጣዋለች እኮ» ስትል ሰማሁ። አረጋግጣለች የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ያረጋገጥኩት ነገር ግን የለም። ዞር ብዬ «አላረጋገጥኩም» ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ስሜ በአዋቂነት ሲነሳ ደስ አለኝና አለፍኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ዘበኛው «እንግዳ አለሽ» ብሎ ጠራኝ። ዓሣ ሻጯ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማለች። በዚህ ሰዓት ከማንጎዋ ሥር ተነስታ አይቻት አላውቅም። እጇ ላይ የሌላ ሰው ስልክ አለ፤ የራሷ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ስለሆነ ፎቶ አያሳይም።

«ቲቸር፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ምነው፣ በደህና ነው?»

«ሦስት ቀን ዓሣ አልተሸጠም። ማንም የለም። ዛሬ አንድ ሰውዬ በአጠገቤ ሲያልፍ ተፋ።» ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «ይሄ እኔ ነኝ። ምን ይላል?»

ያነሳኋት ፎቶ ነው። ያው አምባዛ፣ ያው ሳቅ። «የባሮ ንግሥት» የሚለው ተቆርጦ ወጥቷል፤ በምትኩ በቀይ ፊደል «መርዝ ሻጯ ይህች ናት። አትግዟት!» የሚል ገብቷል። ከላይ ያ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮው ሥር ደግሞ የእኔ የጥንቃቄ ምክር ከነአራት ነጥቡ ተያይዟል። አንብቢልኝ ብላኛለችና አነበብኩላት። የእኔን ቃል ግን ዘለልኩት።

«መርዝ» አለች ቃሉን ደግማ። «ማንን ገደልኩ?»

«ማንንም አልገደልሽም።»

«ታዲያ?»

ምን እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «ለጊዜው ታገሺ፤ የሚመለከተው ቢሮ ውሃውን መርምሮ ያሳውቃል» አልኳት። እንደ ቢሮ ደብዳቤ አናገርኳት፤ መረቅ ያጠጣችኝን ሴት።

«ዓሣው ይቅር፤ እጠብቃለሁ» አለች። «ፊቴን ግን ከዚህ አውጪልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ። ይሄ ፊት የእኔ ነው። ልጆቼም ይሄን ፊት ነው የያዙት፤ መንገድ ላይ ሰው ያውቃቸዋል።»

«እሞክራለሁ» አልኳት። ሄደች። የላኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ የክፍል ሥራ እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ትየርኪዲ ካሉት አስተማሪዎች አንዱ ነው፤ ከደቡብ ሱዳን የመጣ፣ በሥልጠናው ላይ ካርታ አነባበብ ያሳየሁት ጎበዝ ሰው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የላክሽውን ቪዲዮ ዛሬ ኔትወርክ አግኝቼ አየሁት። ጽሑፉ አማርኛ ስለሆነ አልገባኝም። ከወንዙ ኋላ ያለው በረዶ የለበሰ ተራራ የየት አገር ነው? ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ፈልጌ ነው።»

በረዶ የለበሰ ተራራ።

የትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ጥግ አለ። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ሄጄ ቆምኩ። ክቧ ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ከዚያ ተከፈተ። የሞተ ዓሣ የተንሳፈፈበት ወንዝ፤ እውነት ነው። ዳር ላይ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይጯጯሃሉ። ከኋላቸው ጥድ፣ ከጥዱ ኋላ ጫፉ የነጣ ተራራ። ካፖርት! ጋምቤላ እኮ ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ነጋዴ ይዞት የሚመለስባት ከተማ ናት። በረዶ የት እንደሚገኝና የት እንደማይገኝ ደግሞ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምሥለው እኔ ነኝ። ያ ሰው አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ምስሉን አየ፤ እኔ ማንበብ ስለምችል ምስሉን አላየሁም።

መጀመሪያ ያደረግኩት የፈሪ ሥራ ነው። ከሦስቱም ግሩፖች አጠፋሁት። አጥፍቼ ስጨርስ ለጥቂት ደቂቃ ያለቀ መሰለኝ። እኔ አልፈጠርኩት፤ ሌላ ሰው ልኮልኝ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል? ቢጠይቁኝም «ስልኬን ሌላ ሰው ይዞት ነበር» እላለሁ። ውሸቱ በዚህ ፍጥነት ምላሴ ላይ መድረሱ ራሴን አስደነገጠኝ። ደግሞስ ማጥፋቱ ምን ይጠቅማል? ከእኔ የወሰዱት ለሌላው አሳልፈውታል፤ ያጠፋሁት ከራሴ ዓይን ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል የእኛ ሰው፤ የጣትም ወለምታ እንደዚያው ነው።

ደብተሮቹን ሰብስቤ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ብቻዋን ናት። ማዳበሪያው ላይ ዓሣው እንደተደረደረ አለ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በቅጠል ትከላከላለች። ከታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ተቀመጥኩ።

«ያንን ቪዲዮ የላኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«የትኛውን?»

«ባሮ ተመረዘ የሚለውን። ለማኅበሩም ለአስተማሪዎቹም ላክሁት። ከሥሩ የተጻፈው ምክርም የእኔ ነው፤ ጠዋት ሳነብልሽ ዘለልኩት። ቪዲዮው ውሸት ነው። የሌላ አገር ወንዝ ነው።»

ቅጠሉን አስቀመጠች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አይተሽው ነው?»

«አላየሁትም። አልከፈት ሲለኝ ዝም ብዬ ላክሁት።»

«ዓይን አለሽ» አለች።

«አለኝ።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ለማውጣት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ቁጣዋ ጩኸት የለውም። ቢላዋዋን ከሚያስፈልገው በላይ አጠበችው።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ፊቴን አውጪ።»

«አይወጣም» አልኳት። «አንዴ ከወጣ ወጣ። ከአንዱ ስልክ ቢጠፋ ሌላው ጋ አለ። ጠዋት እሞክራለሁ ያልኩሽም እንደማይቻል እያወቅኩ ነው።»

«አስተዳዳሪ ነኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«የአንድ ግሩፕ ብቻ ነኝ።»

አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የእኔ ፊት የማይወጣ ከሆነ» አለች፣ «ያንቺንም አስገቢ።»

አልዋሽም፣ እምቢ ልላት ነበር። እኔ በዚህች ከተማ ያለኝ ሀብት ስሜ ነው። በየክፍሉ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች አሉ፤ ስሜ ሲጠራ የሚነሱልኝ ወላጆች አሉ። «የማታውቀውን የምታወራ አስተማሪ» ተብዬ በየሰዉ ስልክ ልገባ? ግን እሷም ከእኔ እኩል ስም ነበራት። እሷን ማን ጠየቃት?

«ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት እመጣለሁ» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ እሳት አንድዳ አንድ ዓሣ ጠብሳለች። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ድልድዩ ከኋላችን እንዲታይ፣ ማንም ሰው የየት ወንዝ ነው ብሎ እንዳይጠይቅ። ላይቭ ልገባ ሞከርኩ፣ ኔትወርኩ አሾፈብኝ። እንቅረጸው ተባባልን። ስልኩን ልብስ ልታጥብ ለወረደች ሴት ሰጥተናት ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀማችንን በተመለከተ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ረጅም ነው» አለች ጓደኛዬ። «ሰው አይሰማም። በድያለሁ በይ፣ ዝም በይ።»

ልብስ አጣቢዋ በሳቅ ስልኩን ልትጥለው ነበር። በሁለተኛው ደግሞ በረዶውን መጥቀስ ረሳሁ። በሦስተኛው እንዲህ አልኩ፦ «የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ነኝ። ባሮ ተመረዘ የሚለውን ቪዲዮ የላኩት ሳልከፍተው ነው። የእኛ ወንዝ አይደለም፤ ኋላው ላይ በረዶ ያለበት ተራራ አለ። ይህችን ሴት በድያታለሁ። ዓሣዋን ዛሬም እበላለሁ።» ከተጠበሰው ቆርሼ በላሁ። እሷ አንድ ጥሬ ዓሣ አንስታ ስንጥቡን ገለጠችና ወደ ስልኩ አስጠጋችው። «ዛሬ ጠዋት ነው የወጣው። እዩት» አለች። ከዚያ ዓሣውን አወረደችና ቀና አለች። «ፊቴንም እዩት። እኔ ነኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔ በሦስት ሙከራ ያላገኘሁትን ልክ እሷ በአንዴ አገኘችው። ቪዲዮውን ከአንድ ደቂቃ በታች አሳጠርኩት፣ ጥራቱንም ሆን ብዬ ቀነስኩት፤ በደካማ ኔትወርክም ለሁሉም እንዲከፈት። ያንን መላ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚያም ለሦስቱም ግሩፖች ላክሁት።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ስገባ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ባሮ ላይ በረዶ የሚጥለው በየትኛው ወር ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ከአሁን በፊት ጥሎ አያውቅም፤ አስተማሪያችሁ ስትሳሳት ብቻ ነው የሚጥለው» አልኩና አብሬ ሳቅኩ። «ቲቸር በረዶ» የሚለው ስም እስካሁን አለቀቀኝም። አንዳንዱ ደግሞ አላመነም፤ «ተማክረው ነው» ያለ አለ። ውሸቱ በሁለት ቀን የሮጠውን መንገድ እውነቱ በአራት ቀንም አልጨረሰውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ዓሣ ግን አያድርም፤ በጋምቤላ ሙቀት እስከ ከሰዓት በኋላም አይቆይም። ረቡዕ ሁለት ሰው መጣ። ሐሙስ አምስት። ጾሙ እየሄደ ነው።

ሐሙስ ማታ የማኅበራችን መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው፣ በግሩፑ ላይ የድምፅ መልእክት ላኩ። ስንቱን የከተማውን ልጅ ያዋለዱ ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ድምፅ መላክ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ተናግረው አያውቁም። ከፈትኩት።

«አንቺ ልጅ! ያላየሽውን ማውራት ከማን ተማርሽ? ወሬ ሲነግሩሽ ሐሳብ ጨምሪበት ሲባል አልሰማሽም? ፊትሽን ማሳየትሽ ግን ደግ አደረግሽ። አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። እኛም ሳናይ ተቀብለን ለጎረቤት ያደረስን ነን፤ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ከድልድዩ በታች እወርዳለሁ። በጾም ዓሣ የምትበሉ ልትገዙ ተከተሉኝ። የማትበሉም ያችን ሴት ሰላም ልትሉ ተከተሉኝ። ጨረስኩ።»

እሳቸው በጾም ዓሣ አይበሉም። ይህን የማያውቅ የማኅበር አባል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከማንጎው ሥር ሆኜ ወደ ድልድዩ ሳይ ነጫጭ ነጠላ ቁልቁለቱን ሞልቶ ይወርዳል። ፊት ፊት እሳቸው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የአንዷን ነርስ ክንድ ይዘው። የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴም ሚስቱን አስከትሎ መጥቷል፤ ማኅበርተኛ አይደለም፣ «ወሬው እኛም ሰፈር አድርሰነዋል» አለኝ። ጓደኛዬ ተነስታ ቆመች። ሙሴዋ ደረሱና እጇን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ በጾም ዓሣ አልበላም» አሏት። «የልጅ ልጆቼ ግን ይበላሉ። ትልቁን ስጪኝ። ደግሞ አብረሽኝ ፎቶ ትነሻለሽ።»

«ፎቶ?» አለች ወደ እኔ እያየች።

«አዎ ፎቶ» አሉ እሳቸው። «መጥፎውን ብቻውን አንተወውም።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ምን ብዬ ልናገር! ሁሉም ተራ በተራ አጠገቧ ቆሙ። ነርሶቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ ነጋዴው ከነሚስቱ፣ ልብስ የምታጥበዋ ሴት ሳይቀር። ሁሉም ዓሣውን ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ አንዷ አስተማሪ ስንጥቡን እንደ ባለሙያ ገልጣ ነው የተነሳችው። የዚያን ቀን የእኛ ግሩፖች በእሷ ፊት ተሞሉ። ከትየርኪዲ ያ አስተማሪ «አሁን ጽሑፉ ባይገባኝም ወንዙን አውቄዋለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ያ ክፉ ፎቶ አልጠፋም፤ ዛሬም ፈልጎ የሚያገኘው አይጠፋም። አሁን ግን ብቻውን አይደለም።

ኮራሁ። በጓደኛዬ ኮራሁ፣ ፊቷን ደብቃ ቤቷ መቀመጥ ስትችል ወጥታ «እዩኝ» ስላለች። ከዘራ ተደግፈው ቁልቁለት በወረዱት አሮጊት ኮራሁ። ሰው ስለ ኢንተርኔት ሲያወራ አንዱ እንደ ሰይጣን፣ ሌላው እንደ መልአክ ያወራዋል፤ እኔም ከሁለተኞቹ ነበርኩ። እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ውሸቱን ያደረሰው የእኛው እጅ ነው፣ ቁልቁለቱን የወረደውም የእኛው እግር ነው። ጥፋቱን «ሌላ ሰው» ላይ ሳይጥል «እኛም አድርሰነዋል» ያለ ከተማ ውስጥ በመኖሬ ደረቴ ይነፋል። የማኅበራችን ግሩፕ አናት ላይም ዛሬ «ያልከፈትሽውን አትላኪ» የሚል ተለጥፏል። የለጠፉት ሙሴዋ ናቸው፤ አስተዳዳሪነቱን አስረክቤያቸዋለሁ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከማንጎው ሥር ተሰልፌ ነበር፤ አዎ፣ ሰልፍ ነበረ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ በቅርቡ ወደ ከተማው የተዛወረች የምትመስል፣ ስልኳን ይዛ መጣች። ስልኩን ታያለች፣ ጓደኛዬን ታያለች፣ እንደገና ስልኩን ታያለች።

«ይቅርታ» አለች። «መርዝ ትሸጣለች የተባልሽው አንቺ ነሽ?»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ቪዲዮውን፣ በረዶውን፣ ሁሉንም። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና ሴትዮዋን ፊት ለፊት አየቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። «የቱን ልስጥሽ?»

ሴትዮዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ትልቁን አመለከተች።